ቅመም የሌለው ቅቤ

ህንዱ መምህር ከእናቴ መጀመሪያ የጠየቃት ነገር ቅቤ ነው። የኪራይ ቅናሽ አልጠየቀም። ተጨማሪ ብርድ ልብስም አልጠየቀም፤ በደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ ያንን ቢጠይቅ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ቅቤ ነው ያለው። እናቴ ደግሞ የመንዝ ልጅ ናት፣ ቅቤዋን ለሚያደንቅላት ሰው ነፍሷን ትሰጣለች። በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላና በነጭ ሽንኩርት ያነጠረችውን በብርጭቆ ሞልታ ወሰደችለት። አሸተተው። ፈገግ አለና በሁለት እጁ መልሶ ሰጣት።

«እማማ፣ ለአምላክ ነው» አላት በሚሰባበር አማርኛው። «ሽንኩርት የለም። ቅመም የለም።»

እናቴ ወጥ ቤት ተመልሳ ለጋውን ቅቤ አወጣችና ቆማ አየችው። «ይሄማ የራስ ቅቤ ነው!» አለችኝ። «ይሄ እኮ ጸጉር ነው የሚቀባው።» ያም ሆኖ አነጠረችለት። አረፋውን በማንኪያ እየገፈፈች፣ ምንም ሳትጨምር፣ እጇ ወደ ኮረሪማው ጣሳ እየሄደባት እየመለሰችው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም ነው። ግቢያችን ጠባሴ በኩል ሲሆን ከጀርባ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች እናከራያለን። መምህሩ አንዷን ከያዘ ገና ወር አልሞላውም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከኮመዲኖው በላይ ትንሽ መደርደሪያ ሠርቶ አምላኮቹን አስቀምጧል፤ የዝሆን ራስ ያለው የነሐስ ምስል፣ ሎተስ አበባ ላይ የቆመች ሴት ፎቶ፣ አፉ የታሸገ አንድ የመዳብ ማሰሮ፣ ሰንደል መሰኪያ። ሰንደሉን ስናይ ሁላችንም ሳቅን። ከሱቅ እየገዛን ቡና ላይ የምናጨሰው ያው ሰንደል ነው። ስንት ዓመት ቤታችን ሲጨስ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተሠራ አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ቅቤው ለዲዋሊ ነው። ዲዋሊ የመብራት በዓል ነው፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የሚከበር፣ በየደጁ በየግንቡ በሸክላ የሚበራ። ሸክላውን ቅዳሜ ገበያ ሄዶ መዳፉ ላይ በጣቱ እየሳለ አዘዘ፤ ሻጯ «ለሕፃን መጫወቻ ነው?» ብላ በሚቀጥለው ቅዳሜ 11 ትንንሽ ድስት የሚመስሉ ነገሮች ይዛለት መጣች። ክሩ ነው ያስቸገረው። የፋርማሲ ጥጥ ገዝቶ አሽቶ ሞከረ። ፍስስ ብሎ ይጠፋል። እናቴ ይሄን በር ላይ ቆማ ካየች በኋላ አላስቻላትም። አመልማሎዋንና እንዝርቷን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምትሠራ ሴት ናት፣ ስንት ድርብ ሲሆን እሳት እንደሚይዝ እጇ ያውቀዋል። በአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ 11 ፈትል ገምዳ ሰጠችው።

ጥቅምት 28 ማታ ሲያበራ መብራት ሄደ። ይሄን የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ የጠባሴን መብራት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሠፈሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖ የእኛ ግንብ ብቻ ላይ 11 እሳት። ልጆች ተሰበሰቡ። ያን ማታ የነጠረ ቅቤ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል፣ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነው፣ እናቴ እስከ ዛሬ «ሽታው ነው የገደለኝ» ትላለች። አንዲት ጎረቤት አጥር ላይ ብቅ ብላ «እናንተ ግቢ ጣዖት ገባ አሉ» አለች። እናቴ ምን አለቻት መሰላችሁ? «እሱን አላውቅም። ቅቤውን ግን ያነጠርኩት እኔ ነኝ።»

ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ጸሎቱን ሲጨርስ ለአምላኮቹ ያቀረበውን የወተት ጣፋጭ በትሪ ይዞልን መጣ። ፕራሳድ ይባላል። ጸበል ጻዲቅ በሉት፤ ቀርቦ፣ ተባርኮ፣ ለሰው የሚታደል። እናቴ «ረቡዕ ነው ልጄ፣ ወተት አልቀምስም» ብላ በትህትና መለሰችው። ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ምን ትል እንደነበር አስቤ አላቆምም። ጠይቄያትም አላውቅም።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነው የበዓሉን ታሪክ የነገረን። ራማ የሚባል ልዑል ከአገሩ ተሰዶ 14 ዓመት ጫካ ኖረ። ሲመለስ ሕዝቡ መንገዱን በመብራት አሳየው። ለአገር ቤት ሰው ይሄ የድል ታሪክ ነው። ለተሰደደ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። መምህሩ ይሄን ያወቀው ከራሱ ቤተሰብ ነው። የቅድመ አያቱ ወንድም ከቢሃር ተነስቶ ካልካታ ወደብ ላይ መርከብ ተሳፈረ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1834 በቅኝ ግዛቶቻቸው ባርነትን ሲያስቀሩ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎቹ ሠራተኛ አጡ። ከዚያ በኋላ ወደ 80 ዓመት ገደማ ከ1 ሚሊዮን በላይ ህንዳውያን ለ5 ዓመት ውል እየፈረሙ ወደ ሞሪሸስ፣ ትሪኒዳድ፣ ጉያና፣ ሱሪናም፣ ፊጂ፣ ደቡብ አፍሪካ ተጫኑ። አብዛኞቹ የፈረሙት በአውራ ጣት ነው። ውል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አጥርተው መጥራት ስላልቻሉ «ግርሚት» አሉት፣ ራሳቸውንም «ግርሚቲያ» ብለው ጠሩ። ይሄን ሲነግረኝ «የኮንትራት ሰዎች» ብዬ ተረጎምኩት በልቤ። እኛም ጋ እኮ እንደዚያ ነው የሚባለው፤ እገሊት ወዴት ሄደች ሲሉ «በኮንትራት» ነው መልሱ። ደላላውም ያው ነው። የዚያን ጊዜው ደላላ ትሪኒዳድን «ቺኒዳድ» እያለ ነው የሚሸጠው፣ ቺኒ ስኳር ማለት ነውና የስኳር አገር ለማለት። ሱሪናምን ደግሞ «ስሪ ራም» ይላታል፣ የራማ አገር እንድትመስል። ከእኛ ቀበሌ ስንቷ ልጅ ነች እንዲህ ባለ ምላስ ተሸኝታ ቤይሩት የገባችው።

ለሂንዱ ደግሞ ተጨማሪ ነገር ነበረበት። ባሕሩን «ጥቁር ውሃ» ይሉታል፣ የተሻገረው ሰው ከዘሩ ክብር ይወጣል ይባል ነበር። ስለዚህ መርከቡ ላይ የወጣው ሰው አገሩን ብቻ ሳይሆን አምላኩ ፊት ያለውን ቦታም ጥሎ ነው የሚሄደው። መርከቡ ላይ ግን ከማን ጋር እበላለሁ፣ ከማን ጋር አልበላም ማለት አይቻልም። ወራት አብረው ሲናወጡ የተረፉት እርስ በርስ «የመርከብ ወንድም» ተባባሉ፣ ያ ዝምድና ከሥጋ ዝምድና እኩል ሆነ። ካህን ያለው እርሻ ጥቂት ነው። ቤተ መቅደስ የለም። ማታ ማታ በቃላቸው የያዙትን የራማን ታሪክ ያዜማሉ፣ ለምን እሱን እንደመረጡ ማስረዳት አያስፈልግም። ጸሎት ያደረገ ቤት ደጁ ላይ ቀርከሃ ተክሎ ባለቀለም ጨርቅ ይሰቅላል፤ ዛሬም ትሪኒዳድና ጉያና ውስጥ የሂንዱን ቤት የምታውቁት በዚያ ነው። የዲዋሊ ማታ ደግሞ ቀርከሃውን ሰንጥቀው እንደ ቅስት ያጎብጡትና በላዩ ሸክላ መብራት ይደረድራሉ።

ከነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱን ነው የወደድኩት። ሲውዳስ ሳዱ ይባላል። የትሪኒዳድ ሰው ነው፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ በኮንትራት የመጡ ወላጆች ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1947 ዋተርሉ በሚባል መንደር ባሕሩ ዳር ትንሽ ቤተ መቅደስ ሠራ። መሬቱ የስኳር ኩባንያው ነበር። ኩባንያው «አንሳ» አለው፣ አላነሳም አለ፣ በ1952 አፈረሱበት። እሱም ታሰረ፣ ተቀጣ። አሁን እኔ ብሆን ወይ ሌላ መሬት እፈልጋለሁ ወይ ሽምግልና እልካለሁ። ሳዱ ግን መሬቱ ባለቤት ካለው ባሕሩ የለውም ብሎ ውሃው ውስጥ መሥራት ጀመረ።

ብቻውን። በብስክሌት። ድንጋዩንና ሲሚንቶውን ብስክሌቱ ላይ እየጫነ ውሃው ሲሸሽ ጠብቆ ጭቃው ውስጥ ይገባል። በርሜል ተክሎ ኮንክሪት ይሞላል። ውሃው ሲመለስ ይወጣል። በማግስቱ እንደገና። ሰው እብድ አለው። በመጨረሻ ባሕሩ መሃል ቤተ መቅደሱ ቆመ፣ መንገዱም ተሠራ። ሳዱ ከሞተ በኋላ ማዕበሉ ጎዳው። ሕንዳውያን ትሪኒዳድ የገቡበት 150ኛ ዓመት ሲከበር፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ መንግሥት ራሱ አድሶ ሠራው። ዛሬ ሰው በድንጋይ መንገድ ባሕሩን አቋርጦ ሄዶ ይጸልይበታል። የሰውየው ሐውልትም እዚያው ቆሟል።

የእናቴ ምርጫ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሞሪሸሱ ሐይቅ። የሷ የሆነበት ምክንያት መደርደሪያው ላይ ባለው የመዳብ ማሰሮ ነው። አንድ ቀን ክፍሉን ስንጠርግ «ምንድን ነው ውስጡ?» አለችው። የጋንጀስ ወንዝ ውሃ ነው፣ እናቱ ናት አሽጋ የሰጠችው። ሲታመም ወይም በዓል ሲሆን ጠብታ ይወስዳል። እናቴ «ጸበል ነዋ!» አለችና ሮጣ ሄዳ ከጻድቃኔ ማርያም ያመጣችውን በሃይላንድ አምጥታ አሳየችው። ሁለቱ ለትንሽ ጊዜ ማሰሮና ሃይላንድ ይዘው ተፋጠው ቆሙ። የማያውቅ ቢያያቸው ሊገበያዩ ነው የሚል።

ሞሪሸስ ውስጥ በደቡብ በኩል እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ካህን ሐይቁ ከጋንጀስ ጋር እንደሚገናኝ በሕልሙ አየ ይባላል። ሕዝቡ መሄድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ከህንድ የጋንጀስ ውሃ አምጥተው ሐይቁ ላይ አፈሰሱበት፣ ስሙንም ጋንጋ ታላው አሉት። የደሴቲቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሂንዱ ነው። ሺቫ ለሚሉት አምላክ በሚከበረው የሌሊት በዓል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነጭ ለብሶ፣ በቀርከሃ የተሠራ ያጌጠ ነገር ተሸክሞ፣ ገሚሱ በባዶ እግሩ ቀናት እየተጓዘ ወደዚያ ይሄዳል። ውሃውን ቀድቶ ይመለስና በመንደሩ ያለው የሺቫ ምስል ላይ ያፈሰዋል። አጠገቡ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ 33 ሜትር የሚረዝም የሺቫ ሐውልት ቆሟል፣ እሱን እናቴ አልወደደችውም፣ «ትልቅ ነው» ብቻ አለች። ውሃውን ግን ገባት። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ በቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ የሚመለሰውን ሰው አይታ ያደገች ናት። አንድ ጠብታ ከደረሰ ሁሉም ውሃ እንደሚባረክ ለሷ ማስረዳት አይጠበቅብህም።

አሁን ወደ ሥጋው ልምጣ፣ ምክንያቱም ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

መምህሩ ሥጋ አይበላም። እንቁላልም አይበላም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚባልበት አገር! ረቡዕና ዓርብ ችግር የለበትም፣ የትም ገብቶ «የጾም» ይላል፣ ሽሮ ይበላል። ችግሩ ሌላው ቀን ነው። አባቴ «ለሱ ዘወትር ዓርብ ነው» ይል ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰውየው ፊቱ በራ፤ 55 ቀን ሙሉ ከተማው በሙሉ እንደሱ ሆነ። ከዚያ ፋሲካ መጣ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ረቡዕም የለ ዓርብም የለ። ሃምሳውን ቀን ያሳለፈው በእኛ ቤት ምስር ነው።

የፋሲካ ዕለት ቅርጫ መጣ። ፍሪጃችን ሞልቷል። መምህሩ ለቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ቁልፉ እኛ ጋ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ ፀሐይ የማያገኘው እንደ ፍሪጅ የሚቀዘቅዘው ክፍል ነው። የእኔ ሐሳብ ነበር። ሥጋውን በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩና ወለሉ ላይ፣ ከኮመዲኖው ሥር አስቀመጥኩት። የበሬ ሥጋ። ከአምላኮቹ ሥር። ትንሽም አልከነከነኝም።

ከሰዓት በኋላ ሳይጠበቅ መጣ። በሩን ሲከፍት ከጀርባው ነበርኩ። ደሙ ከፌስታሉ አፈትልኮ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ምንም አላለም። ጮኾ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሥጋውን አንስቼ ስወጣ ባልዲ ሞላ፣ ወለሉን አጠበ፣ ደገመ፣ ሰለሰ፣ ከዚያ ምስሎቹን አንድ በአንድ አወረዳቸውና አጠባቸው። በመጨረሻ የመዳቡን ማሰሮ ከፍቶ በጣቱ ረጨ። ስንት ጊዜ ቆጥቦ የሚነካውን ውሃ። እናቴ ሁሉን በመስኮት አይታ ነበር፤ ማታ ስትነግረኝ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም፦ «ታቦት ካለበት መቅደስ ሥጋ ይዘሽ ትገቢያለሽ?» በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኩት። «አታውቂም ነበር» አለኝ። አውቅ ነበር እኮ። ለወራት ሲበላና ሳይበላ ሳየው ነበር። ዝም ብዬ ክፍል ነው ብዬ ነው።

የሂንዱን አምልኮ በስደት ሳስብ ሰው የሚያሳየኝ ሁሌ ትልልቁን ነው። ለንደን ኒዝደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተው ቤተ መቅደስ አለ፤ የቡልጋሪያ ድንጋይና የጣሊያን እብነ በረድ ወደ ህንድ ተልኮ፣ እዚያ ተፈልፍሎ፣ ከ26,000 በላይ ቁራጭ ሆኖ በመርከብ መጥቶ ነው የተገጣጠመው። ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 ከኡጋንዳ በ90 ቀን ውጡ ያላቸው ህንዶች ብዙዎቹ እንግሊዝ ነው የገቡት፤ ሻንጣ ይዘው ከገቡ ሰዎች ወደ እብነ በረድ ለመድረስ ሃያ ምናምን ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። አቡ ዳቢም እ.ኤ.አ. በ2024 ሰባት ሹል ማማ ያለው ተከፍቷል፣ ለሰባቱ ኤሚሬቶች። እዚያ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ፎቶ ልካ «የናንተ ተከራይ ቤተ ክርስቲያን ይሄ ነው?» አለችኝ። ያምራሉ፣ አይካድም። ግን እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ መደርደሪያው፣ ብስክሌቱ፣ የራስ ቅቤው።

በነገራችን ላይ ህንድ ሁሉ ሂንዱ እንዳይመስላችሁ። አባቴን በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ ያስተማረው «ሚስተር» የሚሉት ህንዳዊ ከኬረላ የመጣ ኦርቶዶክስ ነበር፣ እሑድ ነጠላ ለብሶ ቅዳሴ ይቆም ነበር። ያኔ ከመጡት መምህራን ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው። ሂንዱ ሁሉም ህንድ አይደለም ደግሞ፤ አክራ ውስጥ ጋናዊው ስዋሚ ጋናናንዳ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቋቋሙት ገዳም አለ፣ አማኞቹ ጋናውያን ናቸው።

መምህሩ በ2012 ኮሮና ሲገባ ሄደ። ሸክላዎቹን ትቶልን ነው የሄደው፤ እናቴ እጣን ታጨስባቸዋለች፣ ሁለቱ ተሰብረዋል። አሁን ካናዳ ነው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ጽፎልኝ ነበር። የሄደ ጊዜ እናቴ አንድ ጥቅል ፈትል ሻንጣው ውስጥ ከታለት ነበርና በየዓመቱ እየቆረጠ ሲያበራበት ኖሯል፤ አለቀ። እዚያ በፓኬት የተዘጋጀ ይሸጣል አለኝ፣ ግን ቶሎ ይጠፋል።

ለእናቴ ሳነብላት «የፋርማሲ ጥጥ ነዋ!» አለች።

ትናንት ስገባ አመልማሎው ወጥቷል። ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትፈትላለች፣ ቀና ሳትል «ካናዳ የሚሄድ ሰው አፈላልጊ» አለችኝ። «አንድ ብልቃጥ ቅቤም አለ። ኤርፖርት ምንድን ነው ካሉ የራስ ቅቤ ነው ይበል።»